የወፍራሙ ሁለተኛ ካሴት

ከሞቱ ሰዎች ማን ይበልጣል ብላችሁ ተከራክራችሁ ታውቃላችሁ? ካልሞከራችሁት ይቅርባችሁ። እኔ አንድ ክረምት ሙሉ ተከራክሬ ያተረፍኩት ነገር ቢኖር ፍርሃት ነው። ይኸው ዛሬ ጎልማሳ ሆኜ፣ ልጆች ወልጄ፣ ዝናብ ቆርቆሮ መምታት ሲጀምር ሬዲዮ ከተከፈተበት ክፍል ቀስ ብዬ እወጣለሁ። ባለቤቴ ሆዴን የሚያመኝ ይመስላታል። እስኪ ነገሩን ለእናንተ ልንገራችሁና፣ እናንተም ሆዱን አሞት ነው ካላችሁ እቀበላለሁ።

የሆነው አቃቂ ነው፤ ኢሕአዴግ ገብቶ ጥቂት ዓመታት ካለፉ በኋላ፣ ሲዲ የሚባለውን ነገር በወሬ እንጂ በዓይን በማናውቅበት ጊዜ። ከባቡር ሐዲዱ ጥግ አንዲት የቆርቆሮ ጆተኒ ቤት ነበረች። ከጀርባዋ ዓመት እስከ ዓመት የማይነቃነቁ አሮጌ ፉርጎዎች ቆመዋል። ነፋስ ሲገባባቸው ውስጣቸው የታመመ ሰው ያለ ይመስል ያቃስታሉ። እኛ እዚያው ስላደግን ለምደነዋል፤ ከሳሪስ የመጣ እንግዳ ግን ጆተኒውን በሁለት ለባዶ እየመራ ጥሎን ሲሄድ አይቻለሁ።

የጆተኒ ቤቷ ባለቤት ጋሽ ፉርጎ ናቸው። ዕድሜያቸውን በሙሉ ባቡር ላይ ሠርተው ጡረታ የወጡ፣ ሚስታቸው የሞቱባቸው፣ ረጅምና ዝምተኛ ሰው። ፉርጎ ያላቸው ሰፈሩ ነው። እውነተኛ ስማቸው ማን እንደሆነ ከእኛ መካከል የሚያውቅ አልነበረም፤ የዕድሩ ጥሩምባ ነፊ ሳይቀር «ጋሽ ፉርጎ» ብሎ ነው የሚጠራቸው።

እኔና ሚኪ እዚያች ቤት ውስጥ የራፕ ሊቃውንት ነበርን። ሚኪ የጎረቤቴ ልጅ ነው፤ ሱሪውን ከወገቡ ዝቅ አድርጎ ስለሚለብስ፣ ሲሮጥ አንዱ እጁ ሁልጊዜ ሥራ ላይ ነው። ሊቃውንት ነበርን ስል እንግሊዝኛው ይገባን ነበር ማለቴ እንዳይመስላችሁ። አንድ ቀን በቃሌ የያዝኩትን ለእንግሊዝኛ አስተማሪያችን ፊት ለፊት ቆሜ አንበለበልኩላቸው። በትዕግሥት ከሰሙኝ በኋላ «ጎበዝ! ቋንቋው የየት አገር ነው?» አሉኝ።

ክርክራችን ስለ ሁለት ራፐሮች ነበር። ስማቸውን በክረምት መጥራት አልወድም። አንዱን ቀጭኑ፣ ሌላውን ወፍራሙ እንላቸው ነበር። ሁለቱም አሜሪካኖች፣ ሁለቱም በወጣትነታቸው በጥይት የሞቱ፣ ሁለቱም ደብል አልበም ያላቸው። ደብል ማለት ነገሩ በአንድ ካሴት አላልቅ ብሎ በሁለት ካሴት የወጣ ማለት ነው። ጋሽ ፉርጎ ስንጨቃጨቅ ሰምተው «ደብል፣ ደብል ስትሉ አረቄ መስሎኝ ልቆጣችሁ ነበር» ብለውናል።

ቀጭኑ አልሞተም የሚሉም ነበሩ። አንድ የከባድ መኪና ረዳት ቃሊቲ፣ መኪኖች የሚያድሩበት ምግብ ቤት ውስጥ ሽሮ ሲበላ አይቼዋለሁ ብሎ ማለልን። ቀኑ ዓርብ ስለነበረ አመንነው። ወፍራሙን በሕይወት አየሁ ያለ ግን የለም፤ ያን የሚያህል ሰው የት ይደበቃል?

ሚኪ የቀጭኑ ወገን ነው፤ እኔ የወፍራሙ።

«ደብል የሚፈተነው በሁለተኛው ካሴት ነው» ይላል ሚኪ። «አንደኛውን ማንም ይሠራል። ያንተ ሰውዬ ሁለተኛው ላይ ደክሞታል። ሲተነፍስ ሁሉ ይሰማል።»

«መተንፈሱ እኮ ነው ችሎታው! ያንተው ደግሞ የሚያሳድደው ሰው ያለ ይመስል ይቸኩላል።»

«ነበረዋ!» ይለኛል ሚኪ።

አንድ ልጅ መካከል ገብቶ፣ በቡድን ሆነው ደብል ያወጡትስ ብሎ ነበር። ለዚያ ሁሉ ሰው ሲካፈሉት ለአንዱ ግማሽ ገጽ እንኳ አይደርሰውም ብለን አባረርነው። በዚህ ነጥብ ላይ እኔና ሚኪ ፍጹም አንድ ነበርን።

እኔ ግን ሚኪ የሌለው መሣሪያ ነበረኝ። የወፍራሙን ሁለቱንም ካሴት ከአቃቂ ገበያ፣ መሬት ላይ ላስቲክ አንጥፎ ከሚሸጥ ሰው ነው የገዛሁት። ሁለተኛው ካሴት ላይ የመጨረሻው ዘፈን ካለቀ በኋላ እሽሽሽ የሚል ነገር ይሰማል። ከዚያ ውሃ ሲንጠባጠብ። ከዚያ አንዲት ሴት፣ ራቅ ካለ ቦታ ላለ ሰው በሚጮህ ድምፅ፣ በጠራ አማርኛ፦

«ወርቄ! ኧረ ወርቄ! ዝናቡ መጣ እኮ፣ ግባ!»

መጀመሪያ የሰማሁት ብቻዬን አልጋ ላይ ተጋድሜ ነው። ብድግ ብዬ ቴፑን አጠፋሁና በሩን አየሁ። የአልጋውን ስር አየሁ። ወንድ ነኝና አልጮህኩም፤ እናቴን ብቻ ነው የጠራኋት። እናቴ መጥታ ሰማችና «ጎረቤት ነው» ብላ ወደ ሥራዋ ሄደች። በማግስቱ ደግሜ ሰማሁት፤ «ግባ» ስትል ቶሎ አጠፋሁት። ሲደጋገም ፍርሃቱ ሳይለቀኝ ኩራት ተጨመረበት። የትኛው አሜሪካዊ ነው ደብል አልበሙን በአማርኛ የዘጋ?

ጉዳዩን በጥልቀት አጠናሁት። የደረስኩበት ውጤት፣ ወፍራሙ ሐበሻ ፍቅረኛ ነበረችው የሚል ነው። ማስረጃዬ «ወርቄ» ማለቷ ነው። ሰውየው ፎቶው ላይ በሬ የሚታሰርበትን ገመድ የሚያህል የወርቅ ሰንሰለት አንጠልጥሏል። ያን ተሸክሞ የሚዞረውን ሰው ሐበሻ ሴት ወርቄ ካላለችው ማንን ልትል ነው? «ዝናቡ መጣ» ያለችው ደግሞ ጥይቱን ነው። አስቀድሞ ታይቷታል። ግባ ብላዋለች፤ አልገባም። ይህን ለሚኪ ሳስረዳው የገዛ ፀጉሬ ቆመ።

ሚኪ አላመነም፤ ሸምሱ ዘንድ ወሰደኝ። ሸምሱ የስልጤ ልጅ ነው። አስፋልቱ ዳር ባለችው ሱቁ ባንድ በኩል ሳሙናና ስኳር ይሸጣል፣ በሌላው በኩል ካሴት ይቀዳል። የራሱን የወፍራሙን ቅጂ አውጥቶ አጫወተ። ዘፈኑ አለቀ፣ ካሴቱ ቀጭ ብሎ ቆመ። ሴት የለችም። የእኔን አስገባ። «ወርቄ! ኧረ ወርቄ!» ስትል ሸምሱ ማሽኑን አጠፋና ካሴቱን በሁለት ጣቱ ይዞ መለሰልኝ።

«በአሮጌ ካሴት ላይ ቀድተውት ነው» አለ። «የድሮው ጫፉ ላይ ተርፎ ነው። የሆነች ሴት ናት።»

«የማን ሴት?» አለ ሚኪ።

«እኔ ምን አውቃለሁ። ብቻ ቤቷ የተቀዳ ካሴት ገበያ ወጥቶ ከተሸጠ…» ብሎ ንግግሩን አልጨረሰውም። «ወላሂ፣ እኔ ሱቅ ውስጥ ሁለተኛ እንዳትከፍቱት።»

ይህ ማብራሪያ ያረጋጋል ብላችሁ ነው? እኔን ይባስ አስፈራኝ። በሁለት ሙታን መካከል ስንጨቃጨቅ ሦስተኛ ልትገባብን ነው። በአደባባይ ግን ከፍቅረኛዋ ታሪክ ፈቀቅ አላልኩም። ክርክር ላይ ያለ ሰው እውነቱን ሲያውቅ ዝም ቢል ኖሮ ሰፈራችን ጭር ይል ነበር።

ከዚያ ሴትየዋ ከካሴቱ ወጥታ ትከተለኝ ጀመር። ወደ ማታ ገደማ በፉርጎዎቹ አጠገብ ሳልፍ ካፊያ ጀመረ፤ ወዲያው ከጀርባዬ «ግባ! ግባ እያልኩህ!» የሚል የሴት ጩኸት ሰማሁ። እግሬ ከእኔ ቀድሞ ወሰነና ፊት ለፊቴ ባገኘሁት ክፍት በር ዘልዬ ገባሁ። ለካ አንዲት እናት ልጇን እየጠራች ኖሯል። የገባሁትም እሷው ቤት ነው። «ሌባ!» ብላ በመጥረጊያ ስታባርረኝ፣ በሕይወት ያለች ሴት መሆኗን አውቄ ደስ አለኝ።

ሚኪ ይህን ሲሰማ ሳቀብኝ፤ ሳቁ ግን ቶሎ አለቀ። በሚቀጥለው ቀን ከሳሪስ አቦ በፕላስቲክ ጠርሙስ ጠበል ይዞ መጣ። ካሴት ጠበል ይረጫል ወይ ብለን የምንጠይቀው ሰው ስላጣን በራሳችን ኃላፊነት ትንሽ ረጨነው፤ ፀሐይ ላይ አደረቅነውና ከፈትነው። ወፍራሙ ጉንፋን የያዘው ሰው ሆኖ ተነሳ። እሷ ግን ከበፊቱ ጠርታ፣ አጠገባችን የቆመች ይመስል ጠራች። ሚኪ ጠርሙሱን ትቶ ወደ ቤቱ ሄደ።

እንግዲህ ነገሩ እንዲህ እያለም ክርክሩ መቋጫ ፈለገ። ቅዳሜ ከሰዓት ጆተኒ ቤት ውስጥ ሁለቱም ደብሎች ከዳር እስከ ዳር እንዲጫወቱ፣ ተጫዋቾቹ ዳኛ እንዲሆኑ፣ የተሸነፈው ካሴት እዚያች ቤት ዳግም እንዳይከፈት ተስማማን። ጋሽ ፉርጎ ቴፓቸውን ፈቀዱልን። ራፕ ሲከፈት ወንበራቸውን ይዘው ውጭ ስለሚቀመጡ ማን እንዳሸነፈ ግድ አልነበራቸውም።

ሰማዩ ከጠዋት ጀምሮ ጠቁሮ ዋለ። ሚኪ ቀጭኑን አስቀደመ፤ ሁለተኛው ካሴት ላይ ልጆቹ ጆተኒውን እየደበደቡ ጨፈሩ። የምሸነፍ መሰለኝ። ከዚያ ተራው የእኔ ሆነ። አንደኛው ካሴት በሰላም አለቀ። ሁለተኛው ሲጋመስ ዝናቡ ወረደ፤ እንዲህ በቀላሉ ዘነበ የሚባል ሳይሆን ቆርቆሮው የሚበሳ እስኪመስል። ጋሽ ፉርጎ ወንበራቸውን አንጠልጥለው ወደ ውስጥ ገቡና በዘይት በራሰ ጨርቅ የአንዱን ጆተኒ ብረቶች ማሸት ጀመሩ። ወዲያው መብራት ጠፋ።

በክረምት መብራት መጥፋቱ ብርቅ አይደለም፤ ቴፑ ውስጥ የባትሪ ድንጋይ ከተትን። ድንጋዮቹ ደካማ ነበሩና ወፍራሙ ከጉድጓድ ውስጥ የሚናገር ሆነ። እያንዳንዱን ቃል ያላምጣል፣ ይጎትታል፣ ያቃስታል። ከጀርባችን ፉርጎዎቹም ያቃስታሉ። በሩ ላይ የቀረው ብርሃን ግራጫ ነው። ከልጆቹ አንዱ ወደ እኔ፣ ሌላው ወደ በሩ ተጠጋ። ዘፈኑ አለቀ። እሽሽታው መጣ። እጄን ወደ ላይ አነሳሁ።

«አሁን ስሙ!»

«ወርቄ…!» ድምጿ ወፍሯል፣ ተጎትቷል፤ የሴት ነው ለማለት ያጠራጥራል። «ኧረ ወርቄ…! ዝናቡ መጣ እኮ… ግባ…!»

ልማዴ ነውና ወዲያው አጠፋሁትና ደረቴን ነፋሁ። «ሰማችሁ? የቱ ደብል አልበም ነው በአማርኛ የሚያልቅ?»

ሁሉም የሚያዩት ወደ ጆተኒው ነው። ጋሽ ፉርጎ ጨርቁን ጥለውታል። በሁለት እጃቸው ብረቱን ጨብጠው ቆመዋል።

«ጋሼ፣ አመመዎት እንዴ?» አለ ሚኪ።

«ማን ነው የጠራኝ?» አሉ።

«ማንም አልጠራዎትም ጋሼ፤ ካሴቱ ነው» አልኩና ስለ ወፍራሙ፣ ስለ ፍቅረኛውና ስለ ሰንሰለቱ ላስረዳቸው ጀመርኩ። አላስጨረሱኝም።

«ወርቁ እኔ ነኝ።»

በሩ አጠገብ የነበሩት ሁለት ልጆች ዝናቡ ውስጥ ገብተው ጠፉ። እኔም እጠፋ ነበር፤ ካሴቴን ጥዬ መሄድ አቅቶኝ ነው የቀረሁት።

«አስካለ ናት» አሉ ጋሽ ፉርጎ። «ሚስቴ ናት። ቴፕ ገዝተን ያመጣን ቀን ነው። በእርግጥ ይቀዳል ወይ ብላ ስትነካካው፣ እኔ ጓሮ የውሃ ቦይ እየቆፈርኩ፣ ዝናብ መጣና ጠራችኝ። ተቀድቶ ቀረ። ስንስቅበት ከረምን። እንዳይጠፋ ብዬ ካሴቱ ጀርባ ላይ ያሉትን ሁለት ትንንሽ ፕላስቲኮች በቢላ ሰበርኳቸው፤ እነሱ ከተሰበሩ ሌላ ነገር አይቀዳበትም ብለውኝ። በኋላ ቴፑ ተበላሸና ካሴቱ ውስጡ እንዳለ ለጠጋኝ ሰጠሁት። ቴፑ ተሠርቶ መጣ፤ ካሴቱ አልመጣም። እኔም አልፈለግኩትም። ለምን ልፈልገው? እሷ ራሷ ቤት ውስጥ እያለች።»

ካሴቱን አውጥቼ ገለበጥኩት። ሁለቱም ፕላስቲኮች ተሰብረዋል። በቦታቸው የሲጋራ ወረቀት ተጠቅጥቋል፤ አንድ ሰው ሊቀዳበት ሲል ደፍኖታል። ወፍራሙ በላይዋ ላይ ሲዘፍን ሲዘፍን፣ አልበሙ ካሴቱን ሳይጨርሰው አለቀና ጫፍ ላይ ያለችው ተረፈች።

«ፎቶዋ አለኝ» አሉ። «ነጠላዋ አለኝ። ድምጿ ግን ጠፍቶብኝ ነበር። ላስታውስ ስል የእህቷ እየመጣ ያስቸግረኛል።» ከዚያ እኔን፣ ያን እንቶ ፈንቶ ስደሰኩርባቸው የከረምኩትን ልጅ፣ በልመና ዓይን አዩኝ። «ልጄ፣ እባክህ ድገምልኝ።»

ካሴቱን መልሼ ከተትኩና ወደ ኋላ አጠነጠንኩት። ከፈትኩት። ወፍራሙ ሁለት ቃል ተናግሮ ተንቋረረ፤ ከዚያ ክርር… ክርር… አለና ጸጥ። ቴፑ ካሴቱን በላው! ክዳኑን ስከፍት ያ ቡናማ ክር ከቴፑ አንጀት ጋር ተተብትቧል። ቀስ ብዬ ስስበው እጄ ላይ ተበጠሰ።

በሕይወቴ ብዙ ነገር ፈርቻለሁ፤ እንደዚያች ደቂቃ ግን ፈርቼ አላውቅም። ሰውየው ሚስታቸውን አንዴ ቀብረዋል። አሁን እኔ በእነዚህ ጣቶቼ ሁለተኛ ልገድልባቸው ነው። ጋሽ ፉርጎ አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

ሚኪ ተነስቶ ወደ ዝናቡ ሮጠ፤ ሱሪውን ሳይዝ ነው የሮጠው። እንዴት እንዳልወለቀ እግዜር ያውቃል። ብዙ ሳይቆይ ሸምሱን አስከትሎ ተመለሰ። ሸምሱ ትንሽ ካቻቪቴ፣ ምላጭ፣ ቀጭን ፕላስተርና አዲስ ድንጋዮች በላስቲክ ጠቅልሎ ይዟል። ካሴቱን ፈትቶ በበሩ ብርሃን አየው።

«የሷ ደህና ነው» አለ። «የተጨማደደው ከዘፈኑ ነው። እሱን ቆርጬ ካላወጣሁት ግን ሲዞር እንደገና ይያዛል፤ ያኔ የሷንም ይዞት ይሄዳል።»

«ስንቱን ነው የምትቆርጠው?» አልኩ።

«የመጨረሻውን ዘፈን። ሙሉውን።»

ከዳኞቹ አንዱ ሕግ አዋቂ ኖሯል። «መጨረሻ የሌለው ደብል ተሸናፊ ነው!» አለ። እዋሻለሁ? እንዲህ ባለ ሰዓት እንኳ ወፍራሙ ሊሸነፍብኝ ነው ብዬ ተናደድኩ። ሚኪ አየኝ። ኪሱ ገባና የቀጭኑን ሁለተኛ ካሴት አውጥቶ ሸምሱ ፊት አስቀመጠ።

«እኩል እንዲሆን የኔም መጨረሻ ይቆረጥ» አለ።

«ያንተው ይቆይ» አልኩት። «ሸምሱ፣ ቁረጠው።»

ምላጩ አለፈ። የወፍራሙ የመጨረሻ ዘፈን ተጠቅልሎ መሬት ወደቀ። ሸምሱ ሁለቱን ጫፎች ትንፋሹን ይዞ በፕላስተር ገጠማቸው፣ ካሴቱን አሰረ፣ አዲሶቹን ድንጋዮች ከተተ። ጣቴን ልጫን ስል ጋሽ ፉርጎ ተነሱ።

«ቆይ» አሉ። «ያን ጊዜ እኔ ውጭ ነበርኩ።»

ባርኔጣቸውን አድርገው ወጡ። ወደ ጓሮ ዞረው፣ በፉርጎዎቹና በቆርቆሮው መካከል፣ ዝናቡ ሥር ቆሙ። በቆርቆሮው ስንጥቅ ጥላቸው ይታየናል። ድምፁን እስከ መጨረሻው ከፍ አደረግኩና ተጫንኩት።

እሽሽታ። የውሃ ጠብታ። ከዚያ በአዲሱ ድንጋይ ጥርት ብላ፣ ወጣት ሆና፣ ሳቅ እያፈናት፦ «ወርቄ! ኧረ ወርቄ! ዝናቡ መጣ እኮ፣ ግባ!»

«መጣሁ!» አሉ ጋሽ ፉርጎ ከጓሮ።

እጄ እንደ ልማዱ ወደ ማጥፊያው ሄደ፤ ሚኪ ያዘኝ። ካሴቱ ዝም ብሎ ይዞራል። ከውጭ የጋሽ ፉርጎ እግር ጭቃውን ሲረግጥ ይሰማል፤ ዞሩ፣ ወደ በሩ ቀረቡ። ገቡ። ከባርኔጣቸው ጠርዝ ውሃ ይወርዳል፣ ኮታቸው ገላቸው ላይ ተጣብቋል። ቴፑ ፊት ቀጥ ብለው ቆሙ። ያን ጊዜ፣ ጉራዬን ለመንፋት ስቸኩል ሁልጊዜ አጠፋው ከነበረው ቦታ በኋላ፣ ድምጿ ቅርብ ሆኖ መጣ፦

«አይ አንተ ሰውዬ! በስብሰህ መጣህ?»

«አዎ» አሉ ጋሽ ፉርጎ፤ ባርኔጣቸውን አወለቁ። «በሰበስኩ፣ አስካል።»